በክርኑ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቋጠሮ

ከራማት ጥሩ ሰፊ ነበር፤ ምላሱ ግን ክፉ ነበር። በፓኪስታኗ ሲያልኮት ከተማ ውስጥ ሁለቱን ለያይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱም ለያይቷቸው አያውቅም። የሚሰፋው የሞተር ነጂ የቆዳ ጃኬት ነው። ክርኑና ትከሻው ውስጥ ጠንካራ ፓድ የሚገባበት፣ ነጂው ወድቆ አስፋልት ላይ ቢንሸራተት ገላውን የሚያተርፍለት ዓይነት። ከእሱ እጅ የወጣ ስፌት ከአንገት እስከ ወገብ አንድ ቦታ እንኳ አይዛነፍም። ይህንንም አሳምሮ ያውቃል። ማወቁስ ምን ነበረበት! ሌላው ሰው እንደማይችል በየቀኑ ካልተናገረ ግን የበላው አይረጋለትም።

የሚሠራበት ፋብሪካ ባለቤት፣ ሁሉም ሃጂ እያለ የሚጠራው ሰው፣ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። የተበላሸ ጃኬት ተሰርቆ ገበያ እንዳይወጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ በቢላ ይተረተራል። ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፤ የሰው ልፋት መተርተር ነዋ። ከራማት ግን ይወደው ነበር። ሃጂም ስለሚያውቅ ቢላዋን ለእሱ ሰጠው።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ለጢፍ የሰፋው ጃኬት ኮሌታው ተጣመመበት። ለጢፍ ቀስ ብሎ ወደ ከራማት ተጠጋና፣ "ከራማት ወንድሜ፣ ፈትቼ ልድገመው፣ ዝም በለኝ" አለው በሹክሹክታ። ከራማት ጃኬቱን ከፍ አድርጎ ያዘና ድምፁን ለቀቀው።

"ኑ! የለጢፍን ቀብር ኑ እዩ! ይሄን ኮሌታ የሰፋው በእጁ ነው በእግሩ? ይሄን ለብሶ የወደቀ ፈረንጅ፣ እዚያው የወደቀበት ነው የሚቀበረው!"

ሰው ሳቀ። ከራማት ጃኬቱን ከትከሻው እስከ ወገቡ ተረተረውና እግሩ ስር ጣለለት። ለጢፍ ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ወደ ቤቱ ሄደ። ጎረቤት ናቸውና በማግሥቱ በር ላይ ተገናኝተው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ለጢፍም የኮሌታውን ነገር አላነሳም።

ሃጂ ሌላም ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ሰፊ የራሱ የክር ቀለም አለው። እጅጌውን ሲጨርስ ከክርኑ ፓድ ሥር፣ ገበሩ ውስጥ፣ በዚያ ክር ትንሽ ቋጠሮ ያስራል። ዕቃው ከባሕር ማዶ ተበላሽቷል ተብሎ ከተመለሰ ገበሩ ይከፈትና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሌላው ሰፊ ቋጠሮውን ሲያስር አላህን እየለመነ ነው። ከራማት ግን አረንጓዴ ክሩን የሚያስረው እንደ ፊርማ ነበር። ከዚያ ጃኬቱ ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ሴቶቹ አንገቱ ላይ "ጣልያን የተሠራ" የሚል ማርካ ይሰፉበትና ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። ይህ ሲያልኮት ውስጥ ማንንም አይደንቅም፤ ሥራ ነው።

ሚስቱ ሞታለች። የቀረችለት አንዲት ልጁ ሩቢና ነበረች። ሩቢና ግራኝ ናት። ከራማት ስፌት ሲያስተምራት መርፌውን በግራ እጇ በያዘች ቁጥር ጣቷን በእንጨት ማስመሪያው ይላታል። "በዚያ እጅ የሚሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም!" ይላል። አልቅሳ አልቅሳ፣ እሱ ዞር ሲል በግራዋ እየሰፋች ለመደችው። አንድ ነገር ብቻ አልስተካከል አላት፤ ቋጠሮዋ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። የሰው ሁሉ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ነው።

አንድ ክረምት ከራማትን ታይፎይድ ጣለው። ሃጂ ደግሞ ያን ክረምት ብዙ ትእዛዝ ተቀብሎ ነበር። እጅጌዎቹ በጥቅል ወደ ቤት እየመጡ ሩቢና ቁጭ ብላ ሰፋቻቸው። በአንድ በኩል ለአባቷ ሾርባ እያጠጣች፣ በሌላ በኩል ቆዳ እየገፋች። በየክርኑ ውስጥ የእሱን አረንጓዴ ክር አሰረች፤ ሃጂ ሌላ ሰው መስፋቱን ካወቀ ከራማትን ያሰናብተው ነበርና። አባቷ ድኖ ሥራ ሲገባ ሃጂ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ከራማት፣ ታመህ እንኳ እንዲህ ትሰፋለህ?"

"እጅ ነው ጌታዬ" አለ ከራማት። "እጅ አይታመምም።"

ማታ ቤት ሲገባ ለልጁ ያላት ይህን ብቻ ነው፦ "ቋጠሮሽ ተገልብጧል። ደግነቱ ከፓድ ሥር ገብቶ ማን ያየዋል።" ምስጋናው ይኸው ነበር።

ሩቢና ገና ሕፃን ሳለች ለአክስቷ ልጅ ለዋቃስ ታጭታ ነበር። አክስቷ ከኒዝ የከራማት ታላቅ እህት ናት፤ ጉጅራንዋላ ነው የምትኖረው። ዋቃስ እዚያ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሰርጉ ዘንድሮ፣ ለከርሞ እየተባለ ሲገፋ ሲገፋ፣ የሩቢና እኩዮች አግብተው ወልደው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እሷ ቆዳ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ከኒዝ በጎን ሌላ ልጅ ማየት ጀምራለች የሚል ወሬም ደረሰ። ሩቢና ዋቃስን ትወደው ነበር ወይ? ማን ጠየቃት። ከዚያ ቤት መውጣትን ግን ትወድ ነበር። ይህ ካመለጣት ሌላ እንደማይመጣላት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ እሷ ታውቃለች።

በመጨረሻ ሰርጉ ለታኅሣሥ ተቆረጠ። የሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ የእጇ ሂና ደርቆ እየተራገፈ፣ አባቷን ወደ ጓዳ ጠራችው።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።"

"ለሙሽራ ምን ይነፈጋል? በይ።"

"ዛሬ አፍህን ዝጋልኝ።"

ከራማት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"እትዬ ከኒዝ ምንም ብትል፣ ዋቃስ ምንም ቢል፣ ዝም በል። ኒካሁ እስኪታሰር ብቻ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ተሳደብ፤ ብትፈልግ እኔንም ስደበኝ።"

"ወላሂ" አለ ከራማት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ዛሬ ዲዳ ነኝ።"

የሙሽራው አጃቢ በጭጋግ ውስጥ፣ በሞተር ተግተልትሎ መጣ። ዋቃስ ከፊት ነው። ፊቱን የአበባ ጉንጉን ሸፍኖታል፤ ከሙሽራ ካባው በላይ ደግሞ ጥቁር የሞተር ጃኬት ደርቧል። ብርድ ነው ቢባልም የደረበው ለብርዱ አልነበረም። ሄልሜት አላደረገም፤ ጸጉር ያበላሻል። ከሞተሩ ሲወርድ ኮሌታውን ገልበጥ አድርጎ ማርካውን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያሳያል።

ከኒዝ ገና ከመግባቷ ጀመረች። ወንበሩ አነሰ፤ ሩዙ ቅመም አጥቶ ነጣ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ቀጥላ ከራማት ለአማቹ ወደገዛው አዲስ ሞተር ሄደች። ሞተሩ በር ላይ በቀይ ሪባን ታስሮ ቆሟል። ዙሪያውን ዞረችውና በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ይሄ የካራቺ ነው አይደል?"

"ካራቺ ነው የተገጣጠመው እትዬ።"

"አይ፣ እኔ ጃፓን መስሎኝ። ግድ የለም፤ አቅም ነው። ልጄ ለምዶ የለ፣ ይችለዋል።"

ልጇ ጃፓን በተጻፈበት ካርቶን ከትቶ የሚሸጠው ሰንሰለት ከሱቁ ጀርባ ያለ ቀጥቃጭ የሚሠራው መሆኑን ጉጅራንዋላ ሁሉ ያውቃል። ይህ የከራማት ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ቀና ሲል የሴቶቹ ክፍል መጋረጃ ገለጥ ብሎ የሩቢናን ዓይን አየ። ዋጠው።

"ልክ ነሽ እትዬ" አለ። እንዲህ ሲል ሰምቶት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ጎረቤቶቹ ተያዩ።

ኢማሙ በጭጋጉ ምክንያት ዘገየ። የሩቢና የአጎት ልጆች ደግሞ መጠበቅ አቃታቸው። ልማዱ የሙሽራውን ጫማ ሰርቆ ደብቆ በገንዘብ ማስዋጀት ነው። እነሱ ግን ዋቃስ ጃኬቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሊበላ ሲቀመጥ፣ ጫማውን ትተው ጃኬቱን ይዘው በረሩ። እየተንጫጩ ጓዳ ገብተው ለከራማት ሰጡት።

"አጎቴ ደብቅልን! ሳይከፍለን እንዳትሰጠው!"

ከራማት ተቀበላቸው። ክንዱ ላይ አጋድሞ ቆዳውን ዳሰስ አደረገው። እጁ ክርኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፓዱ ዙሪያ ያለውን ስፌት በአውራ ጣቱ ተከተለው። ይህን የእጅጌ አቆራረጥ ያውቀዋል፤ ለሃጂ ፋብሪካ ራሱ ያወጣው ልክ ነው። እንዲህ የማይዛነፍ ስፌት ደግሞ ከእሱ እጅ ሌላ ከማን ይወጣል! ሲያልኮት ተሰፋ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ፈረንጅ ለበሰው፣ ጠገበውና ጣለው፣ በሰልባጅ ጥቅል ላሆር ተመለሰ። ዋቃስ ደግሞ ላሆር ሄዶ፣ ሻጩ "ጣልያን ያለ አጎቴ ነው የላከው" ብሎ አታሎት፣ ሰልባጅ ገዝቶ መጣ። ከራማት ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ብቻውን ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን በነጠላው ጠርጎ፣ ጃኬቱን ለልጆቹ መልሶ፣ ወጥቶ እንግዶቹ መሃል ተቀመጠ። እስቲ አስቡት፤ ያ ሰውዬ ይህን ቻለ።

ዋቃስ ከልጆቹ ጋር ተሟግቶ፣ ከፍሎ፣ ጃኬቱን መልሶ ለበሰና ከአማቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ጉረኛ ነው እንጂ። እናቱ ያለችውን ሁሉ ሰምቷልና አማቱን ደስ ሊያሰኝ ፈለገ። ያችን ቀን ያበላሻት ይኸው ደግነቱ ነው።

"አጎቴ፣ እርስዎ የእጅ ሰው ነዎት" አለና ክርኑን አጥፎ አቀረበለት። "ይሄን የሚያውቅልኝ ከእርስዎ ሌላ የለም። ይዩልኝ እስቲ ይሄን ስፌት።"

ከራማት ጉሮሮውን ጠረገ። "አየሁት። ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ብቻ? ኧረ አጎቴ! ቅር እንዳይልዎትና፣ እዚህ አገር እንዲህ የሚሰፋ ሰው አልተወለደም። እርስዎም ቢሆኑ እኮ... እንዲያው ይሄን የሰፋውን ጣልያን ባገኘው፣ ወላሂ እጁን ነበር የምስመው።"

የሩዙን ስድብ ችሏል። የሞተሩንም ችሏል። ሙገሳው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ግን አልቻለም። ፊቱ ቀላ። መጋረጃው ተገለጠ፤ ሩቢና ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አባዬ፣ አይሆንም። አያት። አላየሁም ማለት አይችልም፤ ዓይን ለዓይን ነው የተያዩት። አይቷት እያለ ቀኝ እጁን ወደ ዋቃስ ዘረጋ።

"እንግዲያው ሳም!"

"ምኑን አጎቴ?"

"እጄን ነዋ! የሰፋው እጅ ይኸው! ሳም!"

ዋቃስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከራማት ከሰደርያው ኪስ የቆዳ ቢላዋን አወጣ፣ የልጁን ክንድ ጎተተ፣ እጅጌውን ገልብጦ ገበሩን ከክርኑ ላይ ሸረከተው። ፓዱን መዞ ወለሉ ላይ ወረወረ። ከሥሩ፣ ከቆዳው ጋር የተሰፋች፣ ትንሽ አረንጓዴ ቋጠሮ ብቅ አለች።

"እዩ! ሁላችሁም እዩ! ይሄ የማን ቀለም ነው?"

የተጠራው እንግዳ ግማሹ ቆዳ ሰፊ ነው። ወንበሩን እየገፋ ተነሳ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ለጢፍ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮዋን አየ፤ ቀና ብሎ ከራማትን አየ፤ ቀጥሎም ሴቶቹ ወዳሉበት መጋረጃ አየ። ምን ሊከተል እንደሚችል ከማንም በላይ ገብቶታል። "ይቅር፣ ተቀመጡ" ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ።

"ኑ! የጣልያኑን ቀብር ኑ እዩ! ሙሽራው ሰልባጅ ለብሶ ነው የመጣው!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አንዱ "ጣልያኑ ከራማት!" ይላል፤ ሌላው "ሙሽራውንም ገልብጣችሁ እዩት፣ እሱስ የት ነው የተሠራው?" ይላል። የጉጅራንዋላ አጃቢዎች እንኳ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዋቃስ አመድ መሰለ። ጃኬቱን አወለቀ፣ ጭቃው ላይ ወረወረው፣ የአበባ ጉንጉኑንም በጠሰው።

ከራማት ቢላዋውን እንደያዘ መሃል ላይ ቆሟል። ደስ ብሎታል። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከኒዝ አልጮኸችም። ያመጣችውን የጣፋጭ ትሪ አንድ በአንድ ለሴቶቿ አሸከመች። ቀጥላ ወንድሟ ፊት መጥታ ቆመች።

"ልጄን አሳቅህበት።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ እውነቱን ነው..."

"ልጅህን አስቀምጣት። እጅህ እንዲህ ካወቀ ባል ስፋላት!"

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የቆመው። ከራማት "እትዬ፣ እትዬ" እያለ ከኋላዋ ተከተለ፤ የልጇን የሞተር እጀታ ሊይዝ ሞከረ፤ ዋቃስ ገፈተረው። ሞተሮቹ ተነሱ። ጭጋጉ ውስጥ ሲጠፉ ኢማሙ በብርድ እጁን እያፋተገ በበሩ ገባና ባዶውን ወንበር አየ።

"ዘገየሁ እንዴ?" አለ።

እንግዳው ጫማ ጫማውን እያየ ወጣ። ለጢፍ በሩ ላይ ቆም ብሎ የከራማትን እጅ ጨበጠ። "አላህ ያጽናህ ወንድሜ" አለው፤ የለቅሶ ቤት ሰላምታ ነው። ሪባን የታሰረለት ሞተር ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ከራማት ጓዳ ሲገባ ሩቢና በቀይ የሙሽራ ልብሷ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ጃኬቱን ከጭቃው አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። አላለቀሰችም። በዚያ በሂና በተሸለመው ግራ እጇ የተሸረከተውን ገበር ትገጥማለች፣ ትለቀዋለች፣ እንደገና ትገጥማለች።

"ይመለሳሉ" አለ ከራማት። "እህቴ ናት፤ አውቃታለሁ። ንዴቷ ሲበርድ..."

"አባዬ፣ ቋጠሮውን አየኸው?"

"እንዴት አላየውም! አረንጓዴ ነው! እኔ እኮ ገና ስዳስሰው..."

"ወዴት ነው የዞረው?"

ከራማት ጃኬቱን ወሰደና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ክርኑን ወደ ብርሃኑ ያዘው። ቋጠሮዋ ወደ ግራ ነበር የዞረችው።

"የታመምክ ጊዜ ነው" አለች ሩቢና።

ከራማት የልጁን እጅ አየ፤ ዓይኑን መልሶ ወደ ቋጠሮዋ አደረገ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ታውቂ ነበር?"

"ቀን ሊቆርጡ የመጡ ጊዜ ለብሶት ነበር። ስቀዪልኝ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ስሰቅለው ክርኑን ዳሰስኩት፤ ስፌቴ መሆኑን አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለእኔ እንኳ?"

ሩቢና ከእጇ ላይ የደረቀውን ሂና ማራገፍ ጀመረች። ከራማት ጥያቄውን ቀየረ።

"እሱንስ ምን አልሽው?"

"እንዴት ያምርብሃል አልኩት" አለች። "ጣልያን ሲሰፋ ለብቻው ነው አልኩት። ደስ አለው። እኔም ከዚህ ቤት ልወጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።"